የብራስልስ ሰሙነ ሕማማት፦ የአንድ ወጣት ሞርሞን ሚሲዮናዊ ሳምንት

ማርች 22 ቀን 2016 ማክሰኞ ነበር። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 13 ቀን 2008 መሆኑ ነው። ምዕራባውያን ክርስቲያኖች ሰሙነ ሕማማት ላይ ነበሩ። የእኛ ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 23 ስለዋለ እኛ ዘንድ ገና የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ነበር። ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጆቹ ልቀጥል፤ ሰዓቱን ግን በሀበሻ።

ያን ዕለት ጠዋት ከብራስልስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የዛቨንተም አውሮፕላን ማረፊያ አራት የሞርሞን ሚሲዮናውያን ነበሩ። አንዷ ተጓዥ ናት። የ20 ዓመት ፈረንሳዊት ስትሆን፣ ለአገልግሎት የተመደበችው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ሸኚዎች ናቸው። አንደኛው የ19 ዓመቱ ሜሰን ዌልስ ነው፤ የዩታ ግዛት፣ የሳንዲ ከተማ ልጅ። ሁለተኛው ከዚያው ከዩታ የመጣ የ20 ዓመት ወጣት ነው። ሦስተኛው በጡረታ ዕድሜያቸው ከባለቤታቸው ጋር ለማገልገል ባሕር ተሻግረው የመጡ የ66 ዓመት አባት ናቸው። ባለቤታቸው ያን ጠዋት አብረዋቸው አልነበሩም።

2 ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በመነሻ አዳራሹ ውስጥ አንድ ቦምብ ፈነዳ። ሰከንዶች ቆይቶ ሁለተኛው ተከተለ። ቦምቦቹ በሻንጣ ውስጥ ነበሩ፤ ሚስማርም ታጭቆባቸዋል። አጥቂዎቹ የመጡት እንደማንኛውም መንገደኛ በታክሲ ነው፤ ሻንጣቸውንም በጋሪ እየገፉ ነው የገቡት። 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ደግሞ መሀል ከተማ፣ ማልቤክ በተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ሌላ ፍንዳታ ሆነ። በጠቅላላው 32 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የቆሰሉት ከ300 በላይ ናቸው። አራቱም ሚሲዮናውያን ከቁስለኞቹ መካከል ነበሩ። አራቱም ተረፉ።

ስለ ጥቃቱ ብዙ ተጽፏል። አጥቂዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ የቤልጂየም ፖሊስ ምን እንዳመለጠው፣ ሁሉም ተነግሯል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። የሞርሞን ሚሲዮናዊ ኑሮ ከማለዳ እስከ መኝታ በደንብ የታጠረ ነው። እንዲህ ያለ ሳምንት ሲመጣበት የትኛው ደንብ ሰውየውን ይደግፈዋል? የትኛውስ ሸክም ይሆንበታል? የሜሰን ዌልስ ሳምንት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው።

መጀመሪያ ኑሮውን እንየው። የሞርሞኖች ቤተክርስቲያን ራሷን የምትጠራው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ብላ ነው። በ1830 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ተመሠረተች። ዛሬ ዋና መቀመጫዋ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ዩታ ነው። ወጣት ወንዶች ሁለት ዓመት፣ ሴቶች ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል ወጥተው እንዲያገለግሉ ታበረታታለች። የመነሻ ዕድሜው ለወንዶች 19፣ ለሴቶች 21 ነበር። በኦክቶበር 2012 ወደ 18 እና 19 ዝቅ አለ። ያኔ ነው ቁጥሩ የተተኮሰው። በ2016 በዓለም ዙሪያ ከ70 ሺህ በላይ ሚሲዮናውያን ነበሩ።

የት እንደሚሄድ ልጁ አይመርጥም። ማመልከቻ ያስገባል፤ ያኔ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመጣለት፣ ቤተሰብም ተሰብስቦ ይከፍተው ነበር። ሞንጎሊያ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ግዛትም ሊሆን ይችላል። ወጪውን የሚሸፍነው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው። በ2016 ከአሜሪካ የሚወጣ ወጣት በየወሩ የሚያዋጣው 400 ዶላር ነበር። ፓሪስም ይመደብ ማኒላ ዋጋው አንድ ነው። በ2020 ወደ 500 ከፍ ብሏል። ብዙ ልጆች ለዚህ ሲሉ ከትንሽነታቸው ጀምሮ ያጠራቅማሉ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም።

የዌልስ ምድብ የፓሪስ ሚሽን፣ ማለትም የፓሪስ የአገልግሎት ክልል ነበር። ሚሽኑ ፓሪስ ይባል እንጂ ድንበሩ ያኔ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን የቤልጂየም ክፍልም ይጨምር ነበር። ጥቃቱ ሲደርስ አገልግሎቱን ሊጨርስ አራት ወር ገደማ ቀርቶት ነበር።

ቀኑ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ግማሽ ሰዓት ስፖርት፣ ከዚያ ሻወርና ቁርስ። ከ2 ሰዓት ጀምሮ ለብቻ ጥናት፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ከጓደኛ ጋር ጥናት። 4 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት። ማታ 3 ሰዓት ወይም 3 ተኩል ላይ መመለስ፣ 4 ተኩል ላይ መብራት ማጥፋት። ያኔ ሰዓቱ እንዲህ የጠበቀ ነበር፤ በ2017 መጀመሪያ ላይ ትንሽ ላላ ተደርጓል። ቴሌቪዥን የለም። ፊልም የለም። የፍቅር ጓደኛ የለም። ልብሱ ያኔ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም መለያ ነበር። አንቱ የሚባል ጢም ገና ያልበቀለው ልጅ ኤልደር (ሽማግሌ ማለት ነው) ዌልስ ተብሎ ይጠራል። ሴቷ ደግሞ ሲስተር (እህት) ናት።

ከሁሉም ጥብቅ የሆነው ደንብ የጥንድ ደንብ ነው። ሚሲዮናዊ ብቻውን አይሄድም። ሁልጊዜ ከጓደኛው ጋር ነው። አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው በር ያንኳኳሉ። ጓደኛውን የሚመርጥለት የሚሽኑ ፕሬዚዳንት ነው፤ ከጥቂት ሳምንት ወይም ወር በኋላም ይቀየራል። ከማይጥምህ ሰው ጋር ሃያ አራት ሰዓት መዋል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ አንድ ሳምንትም የምችለው አይመስለኝም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ፣ የዝግጅት ቀን ይባላል። ልብስ ማጠቢያ፣ አስቤዛ መግዣ፣ ጸጉር መቆረጫ። ለቤተሰብ ኢሜይል የሚጻፈውም ያን ቀን ነው። ስልክስ? በ2016 በነበረው ደንብ ሚሲዮናዊ ወደ ቤቱ የሚደውለው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ለገና እና ለእናቶች ቀን። በቃ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ማርች 21 አልፎ ማክሰኞ ነጋ። ያለ ጥቃቱ ሳምንቱ ምን ይመስል ነበር? ለኦርቶዶክስ አንባቢ ትንሽ ይገርመዋል። ሞርሞኖች ዐቢይ ጾም የላቸውም። የሕማማት ስግደት የላቸውም። ለስቅለት የተለየ ሥርዓት አያደርጉም። ጾማቸው በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ነው፤ ሁለት ማዕድ ይዘላሉ፣ በዚያ የተረፈውን ገንዘብ ለችግረኛ ይሰጣሉ። በጸሎት ቤታቸው ላይ መስቀል አይሰቀልም። በየእሁዱ የሚካፈሉት ዳቦና ውሃ ነው፤ ወይን አይጠቀሙም። ስለዚህ የሚሲዮናዊው የፋሲካ ሳምንት ከሌላው ሳምንት ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ትንሣኤን ሰበብ አድርጎ ሰው ለማነጋገር መቻሉ ነው።

እዚያ አገር ደግሞ ሰው ማነጋገር ራሱ ፈተና ነው። ቤልጂየም በታሪኳ የካቶሊክ አገር ናት። አሁን ግን ብዙው ሕዝብ ለበዓል እንኳ ቤተክርስቲያን ብርቁ ነው። ስቅለት የሥራ ቀን ነው፤ የሚዘጋው የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ለልጆች የሚነገረው ተረት ደስ ይላል። የቤተክርስቲያን ደወሎች ሐሙስ ወደ ሮም ይበሩና እሁድ የቸኮሌት እንቁላል ይዘው ይመለሳሉ። እስኪመለሱ ዝም ይላሉ። በዚህ መሀል ሁለት ከረባት ያሰሩ አሜሪካውያን ልጆች በተጣመመ ፈረንሳይኛ ስለ ትንሣኤ ሊያወሩ ሲመጡ፣ በር የሚከፍት ብዙ አይደለም።

የማክሰኞው ሥራ ግን ቀላል ነበር። ሲስተሯን ወደ አውሮፕላን መሸኘት። ሚሲዮናውያን ይህን ሁሌም ያደርጉታል። አዲስ የሚሄድ አለ፣ የሚመለስ አለ፣ የሚዛወር አለ፤ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።

ዌልስ በኋላ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ ፍንዳታው ከቅርብ ነበር። ግራ እግሩ ላይ የነበረው ጫማ ወልቆ ሄደ። ሰውነቱ በአንድ በኩል ነደደ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። ደም በደም ሆኗል፤ ብዙው የእሱ አልነበረም። እንደምንም ከአዳራሹ ወጣ። አስፋልት ላይ ተኝቶ እርዳታ ሲጠብቅ፣ እግዚአብሔር ከጎኑ እንዳለ ተሰምቶት መረጋጋቱን ተናግሯል። የተረከዙ ጅማት ተበጥሷል። ፊቱና እጆቹ ተቃጥለዋል። ፍንጣሪ ገብቶበታል። የ20 ዓመቱ ጓደኛውም እንዲሁ ፊቱና እጁ ተቃጥሏል፣ እግሩን ፍንጣሪ አግኝቶታል። በጣም የተጎዱት አዛውንቱ ነበሩ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ለቀናት በመድኃኒት እንዲተኙ ተደረገ። ፈረንሳዊቷ ቀለል ባለ ጉዳት ተረፈች።

አሁን ወደ ዩታ እንሂድ። በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ በዚያ ሳምንት አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ቀድማ ገፍታለች፣ አውሮፓ ገና ነው። በዩታና በብራስልስ መካከል የነበረው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቦምቡ ሲፈነዳ በሳንዲ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ወላጆች ተኝተዋል። ቢነቁም ልጃቸው ያን ቀን የት እንደሚውል የሚያውቁበት መንገድ የለም። የሰኞ ኢሜይሉን አንብበው ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ሰኞ ነው። የሚቀጥለው የስልክ ቀን ደግሞ የእናቶች ቀን ነው፤ እሱም ሜይ ውስጥ።

በሥርዓቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወሬው ደረጃ አለው። የሚሽኑ ፕሬዚዳንት ያጣራል፣ ለበላይ ያሳውቃል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሰማል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ባለበት አካባቢ ያለ የቤተክርስቲያን መሪ ቤተሰቡን ያገኛል። ጥቅም አለው። እናት ልጇ መቁሰሉን ከቴሌቪዥን እንዳትሰማ ያግዛል። የሚነግራትም የምታውቀው ሰው ነው። ጉዳቱም ግን ግልጽ ነው። በ2016 የስልክ ካሜራ ቪዲዮ ከአዳራሹ ጭስ ጋር እኩል ነው የወጣው። መረጃ በደቂቃ ዓለምን በሚዞርበት ጊዜ፣ ደረጃ የሚወጣ ወሬ መዘግየቱ አይቀርም።

ልጇን ቤይሩት ወይም ሪያድ ልካ ስልክ የምትጠብቅ እናት ይህን ስሜት ታውቀዋለች። የአሰሪዋን ቁጥር አታውቅም፣ ኤጀንሲው አያነሳም፣ ዜናው ግን መጥቷል። የዩታ እናቶች ከእሷ የሚሻሉት የሚጠይቁት ሰው ስላላቸው ነው። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ደንቡ የስልክ ጥሪን ቢከለክልም በስልክ ፈንታ የሚቆም የሰው ሰንሰለት ነበረው።

የጥንዱ ደንብስ? እዚህ ላይ ነው እኔ ሐሳቤን የቀየርኩት። ደንቡን ከውጭ ሲያዩት የክትትል ይመስላል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ማንም እንዳይስት። በአውሮፕላን ማረፊያው ግን ሌላ ጥቅም ታየ። በዚያ ትርምስ ውስጥ ብዙ ሰው ማን እንደነበረ እስኪታወቅ ድረስ ሰዓታት ፈጅቷል። የአራቱ ጉዳይ ግን ከመጀመሪያውም ተጠያቂ ነበረው። ማን ከማን ጋር እንደወጣ፣ የት እንደሄዱ፣ ለምን እንደሄዱ የሚያውቅ ቢሮ ነበር። ቤተክርስቲያኒቱ በዚያው ማክሰኞ ሦስቱ ክፉኛ መቁሰላቸውን ስትገልጽ፣ ስንት ሰው እንዳላት መቁጠር አላስፈለጋትም።

ከዚያ ጋዜጠኞቹ መጡ። ዌልስ ዜና ለመሆን የተመቸ ነበር። በኤፕሪል 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ እናቱ ሯጭ ነበረች፤ እሱና አባቱ ደግሞ ከቦታው አንድ ብሎክ ያህል ርቀው ነበሩ። በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ስትጠቃ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ እያገለገለ ነበር። ስለዚህ ርዕሱ ራሱን ጻፈ፦ ከሦስት የሽብር ጥቃት የተረፈው ልጅ። ዓለም ሁሉ ተቀባበለው።

እኔ ይህ ርዕስ አይዋጥልኝም። ቦስተን ላይ ቅርብ ነበረ፣ እሺ። በፓሪሱ ጊዜ ግን እዚያው አገር ውስጥ መኖሩ ነው እንጂ ከጥቃቱ ቦታ አልነበረም። በዚያ ሂሳብ ከሄድን ያን ምሽት ፈረንሳይ ውስጥ የነበረ ሁሉ ተራፊ ነው። ርዕሱ የደበቀው ነገርም አለ። አዛውንቱ በሰመመን ላይ ነበሩ። ፈረንሳዊቷ ልጅ ገና ያልጀመረችው አገልግሎት ፊቷ ላይ ተበትኖ ነበር። የእነሱ ታሪክ ግን ተአምር ተብሎ ለመሸጥ አይመችም። ለልጁ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ እሱ ራሱ ቃለ ምልልሶቹ ላይ ጀግና ለመምሰል አልሞከረም። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ቀልድ ጣል ያደርግ ነበር።

ረቡዕ ቤልጂየም በሙሉ እኩለ ቀን ላይ ለአንድ ደቂቃ ዝም አለች። ሦስት ቀን የሐዘን ቀን ታወጀ። በከተማዋ መሀል ባለው የቡርስ አደባባይ አበባ፣ ሻማና በጠመኔ የተጻፈ መልእክት ተከመረ። ወታደር በየጥጉ ቆመ። በር ለበር መዞር የሚባል ነገር ያን ሳምንት ማሰብም ያስቸግራል፤ ያልታወቀ ሰው በር ሲያንኳኳ ማን ይከፍታል?

ቅዳሜ ግን፣ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ክፍል መጣ። ማርች 26 ነው፣ የፋሲካ ዋዜማ። ከብራስልስ አራት ቀን በኋላ። ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ የቤተክርስቲያኒቱ ሴቶች ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። እዚያ ላይ ስደተኞችን በየአካባቢው የመርዳት ዘመቻ ይፋ ሆነ። የተሰጠው ስም ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰደ ነው፦ እንግዳ ነበርሁ። እኛ በደንብ የምናውቀው ቃል ነው። እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና።

ዘመቻው ከጥቃቱ በፊት የታቀደ መሆኑ ግልጽ ነው። ጉባኤ በአራት ቀን አይዘጋጅም። በ2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ወደ አውሮፓ ገብተው ነበር፤ ቤተክርስቲያኒቱም በዚያው ዓመት ኦክቶበር አባላቷ እንዲረዱ ደብዳቤ አስተላልፋ ነበር። ግን ሰዓቱን እዩት። ከብራስልስ አጥቂዎች አንዱ፣ ከሶሪያ ወደ አውሮፓ ሲመለስ የስደተኞቹን መንገድ በሐሰተኛ ስም ተጠቅሟል። ከአጥቂዎቹ መካከል የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ግን ቤልጂየማውያን ነበሩ፤ እዚያው ያደጉ። ሰው ግን ይህን ለመለየት ጊዜ አልነበረውም። በጥቃቱ ማግስት የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤአታ ሺድዎ አገራቸው ስደተኛ እንደማትቀበል አስታወቁ። በሌላም ቦታ ተመሳሳይ ድምፅ በዛ።

የራሷ ልጆች ቆስለው የተኙባት ቤተክርስቲያን ያን ዘመቻ ለጥቂት ሳምንት ብታቆየው ማንም አይወቅሳትም ነበር። አላቆየችውም። ከሳምንት በኋላም፣ ኤፕሪል 3፣ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ያኔ ከአውሮፓ አካባቢ መሪዎቿ አንዱ የነበሩት ፓትሪክ ኪሮን ስለ ስደተኞች ሙሉ ንግግር አደረጉ። በቤተክርስቲያኒቱ አስተምህሮ የማልስማማበት ብዙ ነገር አለ። ይህን ግን አድንቄያለሁ።

እሁድ ማርች 27 ፋሲካ ሆነ። በዚያው ሌሊት አውሮፓ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋች፤ የሞርሞኖች የእሁድ ጸሎት ያኔ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበርና እንቅልፍ ያልጠገበ ብዙ ሳይኖር አይቀርም። ብራስልስ ውስጥ ለዚያ እሁድ ፍርሃትን የሚቃወም ሰልፍ ተጠርቶ ነበር። ባለሥልጣናት ፖሊስ በምርመራ ስለተወጠረ ይቆይልን አሉ፤ ተራዘመ። ሰልፉ ቢቀርም ሰዎች አበባ ይዘው ቡርስ አደባባይ ተገኙ። በመሀል ቀኝ አክራሪ የኳስ ደጋፊዎች መፈክር እያሰሙ አደባባዩን ወረሩት። ፖሊስ በውሃ መድፍ በተናቸው። በዚያው እሁድ ምሽት ላሆር፣ ፓኪስታን ውስጥ፣ ፋሲካን ለማክበር የወጡ ቤተሰቦች በሞሉበት መናፈሻ ሌላ ቦምብ ፈንድቶ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። ከብራስልስ ሙታን እጥፍ በላይ ነው። የዜናው ሽፋን ግን እጥፍ አልነበረም።

ያ እሁድ በእኛ የዘመን ቀመር መጻጉዕ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረው ሰው፣ ተነሥና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ የተባለበት ወንጌል የሚነበብበት። የቀን መቁጠሪያ ግጥጥሞሽ ነው፤ ከዚያ በላይ አላደርገውም። ሆስፒታል ውስጥ ግን መነሣት በቀዶ ጥገናና በቆዳ እንክብካቤ ነበር የሚመጣው፣ ቀስ እያለ።

የአውሮፕላን ማረፊያው በኤፕሪል 3 በሦስት በረራ ብቻ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ወደ ፖርቱጋል፣ ፋሮ ነበር። አዳራሹ ገና ስላልተጠገነ መንገደኞች በጊዜያዊ ድንኳን ነበር የሚስተናገዱት።

ዌልስ ወደ ዩታ ተመልሶ በቃጠሎ ሕክምና ማዕከል ቆየ። የቀሩትን ወራት ወደ ፓሪስ ሄዶ አልጨረሰም። በኋላ ሲመኘው ወደነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ገባ፤ ስለ ሕይወቱም መጽሐፍ አሳተመ። አዛውንቱም ከረጅም ሕክምና በኋላ አገራቸው ገቡ። ፈረንሳዊቷ ልጅ ካገገመች በኋላ ክሊቭላንድ ደርሳ አገልግሎቷን ጀመረች። ከአራቱ ውስጥ የእሷ ውሳኔ ነው እኔን ያስገረመኝ። ልጅቷ ገና አልጀመረችም ነበር። ቀርቼ ልማር ብትል ምክንያቷን የሚጠይቃት አይኖርም ነበር። እንደገና ሻንጣ አዘጋጅታ፣ እንደገና አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። ርዕስ ግን አልሆነችም።

የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ዘገየ። ችሎቱ በ2022 መጨረሻ በቀድሞው የኔቶ ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ ተከፈተ። በጁላይ 2023 ስድስት ተከሳሾች በሽብር ግድያ ጥፋተኛ ተባሉ። ሻንጣውን ትቶ ከአዳራሹ የሸሸው ሦስተኛው ሰው፣ ባለ ባርኔጣው መሐመድ አብሪኒ፣ ከእነሱ አንዱ ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ ብዬ ነበር። ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2019 ጀምሮ ቤተክርስቲያኒቱ ደንቡን ለወጠች። ሚሲዮናውያን በየሳምንቱ፣ በዝግጅት ቀናቸው፣ ወደ ቤት በስልክም በቪዲዮም መደወል ተፈቀደላቸው። ለውጡ የመጣው በብራስልስ ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም። የናፍቆት፣ የጭንቀትና የአእምሮ ጤና ጉዳይ በወጣቶቹ ዘንድ ለዓመታት ሲነሣ ነበር። የድሮው ደንብ ደጋፊዎች ልጅ ከቤቱ ጋር ሁልጊዜ ሲያወራ ልቡ ሥራው ላይ አይሆንም ይሉ ነበር። ክርክሩ ፍሬ አልባ አይደለም። ግን ደንቡ ሲወጣ የነበረው ዓለም ደብዳቤ ሦስት ሳምንት የሚፈጅበት ዓለም ነበር። በ2016 ማክሰኞ ጠዋት ያ ዓለም አልነበረም።

አዲሱ ደንብ ብዙ ሳይቆይ በሌላ ፋሲካ ተፈተነ። በማርች 2020 ኮቪድ ሲዛመት ቤተክርስቲያኒቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሚሲዮናውያንን ከየአገሩ አስወጣች። ፋሲካው ኤፕሪል 12 ነበር። በሶልት ሌክ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ ልጅ የሚቀበለው ቤተሰብ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ወላጆች ብቻ እንዲመጡ፣ እነሱም ከመኪናቸው እንዳይወርዱ ተለመኑ። ይህን ጊዜ ግን ልጆቹ ከየትኛው በረራ እንደሚወርዱ ለቤታቸው ራሳቸው መንገር ይችሉ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ከግርግሩ መሀል፣ የአዲስ አበባ ሚሽን ራሱን ችሎ ተቋቋመ። እዚህ የሚመደቡት ልጆችም የሚደውሉት በየሳምንቱ ነው።